የዚንኩ ድርሻ

ሥራነሽ ሦስት ሳምንት የጠበቀችው ቁጥር ሐሙስ ጧት ወጣ። አሥራ ስምንት ነጥብ አራት ይላል። ያስገረማት ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን ከፊቱ የጠፋው የመቀነስ ምልክት ነው። ከዜሮ በታች ይሆናል ያለችው ነገር ከዜሮ በላይ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ይህ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ነው። ሥራነሽ የሮብ ገበያ ከተማ ልጅ ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ከማስተማር የተረፈውን ጊዜዋን የምታጠፋበት ሥራ ግን ለዘመድ ለማስረዳት የሚያስቸግር ነበር። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የምንውጠውን መድኃኒት የሚበጣጥሱበት ኢንዛይም አላቸው፤ መቀስ በሉት። የመቀሱ ስለት ላይ አንድ የዚንክ አዮን፣ ማለትም ቻርጅ የተሸከመ የብረት ቅንጣት፣ ተሰክቷል። ስለቱን የሚያደነዝዝ ነገር ቢገኝ የተሸነፈው መድኃኒት እንደገና ይሠራል። ሥራነሽ ያንን የሚያደነዝዝ ሞለኪውል ከዳማ ከሴ ቅጠል ውስጥ አገኘሁት ብላ ጠርጥራለች። ስለዚህ ሞለኪውሉንና ኢንዛይሙን ኮምፒውተር ላይ አገናኝታ፣ ምን ያህል አጥብቀው እንደሚያያዙ ታሰላለች።

የስሌቱ ሕግ አጭር ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር መያያዙን ይረዳል፤ ከዜሮ በላይ የሆነ ያደናቅፋል። ጠቅላላ ድምሩ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ኪሎ ካሎሪ ወጥቷል፤ በዚህ ተደስታለች። ፕሮግራሙ ግን ድምሩን ብቻ ሰጥቶ ዝም አይልም። ይህኛው የኢንዛይሙ ክፍል ይህን ያህል ረዳ፣ ያኛው ይህን ያህል አደናቀፈ እያለ ለእያንዳንዱ ድርሻ ይመድባል። ከሁሉም የባሰ አደናቃፊ ተብሎ የተመዘገበው ደግሞ ዚንኩ ነው፤ አሥራ ስምንት ነጥብ አራት ከዜሮ በላይ።

ሥራነሽ ቁጥሩን ፈትታ አየችው። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ተጣልተው የተረፈ ትንሽ ቁጥር ነው። ዚንኩ ሞለኪውሉን የሚስብበት ጉልበት ከዜሮ በታች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ ከፍተኛ ጉልበት። ሆኖም ሁለቱም ከመገናኘታቸው በፊት ውሃ ለብሰዋል፤ ለመቀራረብ ውሃውን ማውለቅ አለባቸው። የማውለቁ ጣጣ ሁለት መቶ ሠላሳ ነጥብ አራት ከዜሮ በላይ ነው። ጮቄ ተራራ ላይ ጋቢ የለበሰ ሰው ጋቢውን ደጅ ጥሎ እሳት እንዲሞቅ ቢጠየቅ እንደማለት ነው። እሳቱ ይሞቃል፤ ጋቢውም ይሞቅ ነበር። የተረፈችው ልዩነት የየትኛው ጥፋት እንደሆነች መናገር ይከብዳል።

ይህን እያሰበች ሳለ ከኋላዋ የሽቶ ሽታ መጣ። ዶክተር እንዳላማው ነው።

ዶክተር እንዳላማው የኬሚስትሪ ክፍሉ የምርምር አስተባባሪ ነበር። አርባ ዓመት ገና አልሞላውም፤ ድምፁ ያምራል፣ ማይክሮፎንም ይወደዋል። አንድ ክፉ ልማድ ነበረበት፤ የሰው ኮምፒውተር ከበራ ከኋላው ሳይቆም አያልፍም።

«ዚንኩ ስንት አመጣ?» አለ።

«አሥራ ስምንት ከዜሮ በላይ፤ ግን ዶክተር፣ እሱ ቁጥር…»

«ያደናቅፋል ማለት ነዋ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ሰው ሁሉ ዚንኩ ነው መድኃኒቱን የሚይዘው ሲል ኖሯል። አንቺ ደግሞ ጠላት ሆኖ አገኘሽው። ይህ ግኝት ነው፣ ሥራነሽ። ለምርምር ቀን ይቀርባል። እኔ አቀርበዋለሁ፤ አንቺ ስላይዱን ትሠሪያለሽ።»

«ቁጥሩ እኮ ከሁለት ነገር ነው የተሠራው። ስበቱን ለብቻ ስናየው…»

«የዝርዝር ዝርዝር ለተማሪ ነው» አላት፤ ስልኩን አውጥቶ ሠንጠረዡን ፎቶ አነሳ።

በማግሥቱ ቢሮው ድረስ ሄዳ ሁለቱን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችው። ወረቀቱን ተቀብሎ አመሰገናትና የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠበት።

ያን ቀን ማታ ቤቷ ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል። ቤቷ ውስጥ ደግሞ ከፊት ላይ የሚያነብ ሰው ነበር። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የእናቷ ወንድም ናቸው። ደብረ ኤልያስ አርባ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ ስለሆነ ዘመዱም ባዳውም የኔታ ይላቸዋል። የግራ ዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ መጥተው እሷ ዘንድ አርፈዋል። ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ታስሯል፤ ሐኪሙም ለአንድ ወር ያህል ማንበብ ከልክሏቸዋል። ማንበብ የተከለከለ የቅኔ መምህር ቤት ማስቀመጥ ቀላል አይደለም፤ መጽሐፍ ሲያጡ የሰው ንግግር ይመረምራሉ።

«ምን ሆነሻል?» አሉ።

«የመሥሪያ ቤት ሰው ነው፣ የኔታ። ይዘርፈኛል።»

የኔታ ቀና አሉ። «ይዘርፋል? ምን ይዘርፋል? ጉባኤ ቃና ነው ወይስ መወድስ?»

ሥራነሽ ሳትወድ ሳቀች። «ቅኔ አይደለም። የሰው ልፋት ነው የሚዘርፈው።»

«እሱንማ ያልተማረም ይዘርፈዋል» አሉና ቅር ብሏቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ግን፣ «እስቲ ልፋቱን ንገሪኝ። ዓይኔ ነው የታሰረ እንጂ ጆሮዬ አልታሰረም» አሉ።

ነገረቻቸው። ስለ መቀሱ፣ ስለ ስለቱ፣ ስለ ዳማ ከሴው። የኔታ ዳማ ከሴ የሚለውን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«እኛ አሽተን እንምገዋለን፤ እናንተ ሦስት ሳምንት ታሰሉታላችሁ።»

«እናንተ ለምች፣ እኛ ለባክቴሪያ።»

«ከዜሮ በታች ከሆነ መልካም፣ ከዜሮ በላይ ከሆነ ክፉ ነው ያልሽኝ?»

«አዎን።»

«እንደ ኃጢአት ነው በይኛ። ባነሰ ይሻላል።» ጭራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። «ይህ ሰውዬ ዚንኩን አደናቃፊ ነው ይላል። መልካም። ታዲያ ሲወጣስ ምን ይሆናል? አንድ ተማሪ ይህች ቃል ትርፍ ናት ካለኝ አውጥተህ አንብበው እለዋለሁ። የቅኔው ቤት ካልፈረሰ እውነትም ትርፍ ነበረች። ከፈረሰ ግን ትርፉ እሱ ነው።»

ለሥራነሽ ይህ ሳይታያት ቀርቶ አይደለም። ዚንኩን አውጥቶ ስሌቱን ከሥር መጀመር ስድስት ኮምፒውተር ለስምንት ቀን መያዝ ይጠይቃል፤ መብራቱም በየቀኑ ይጠፋል። ከዚህ ሁሉ ክርክር ይሻላል ብላ ሸሽታው ነበር። አሁን ግን መሸሹ አሳፈራት።

«አሰላዋለሁ» አለች። «ውጤቱን ግን አልነግረውም። እዚያው መድረክ ላይ ይወቀው።»

የኔታ ባልታሰረው ዓይናቸው አዩአት። በዚያች ዓይን ውስጥ ተንኮል መብራቱ ሥራነሽን አላመለጣትም፤ አፋቸው ግን ሌላ ነው የተናገረው።

«እስካሁን ስንት ጊዜ ነገርሽው?»

«ሁለት ጊዜ።»

«እንግዲያ አንድ ጊዜ ይቀርሻል። ሦስተኛውን ነግረሽው እምቢ ካለ ኃጢአቱ ከአንቺ ይወርዳል። ያኔ እኔም አግዝሻለሁ።»

ሰኞ ጧት የኮምፒውተር ክፍሉን ኃላፊ ወይዘሮ ማሬን ለመነቻቸው። ወይዘሮ ማሬ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሱት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ፕሮፌሰሩም ተማሪውም ይፈራቸዋል። ነገሩን ሰምተው ማንን እንደሚመለከት ገባቸው። ስድስቱን ኮምፒውተሮች ከፈቱላትና በሩ ላይ «የመጣው ሁሉ ይመለስ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ዶክተር እንዳላማው በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ተመልሷል።

ስሌቱ በዘጠነኛው ቀን አለቀ። ሥራነሽ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አየችው፤ ሦስተኛ ጊዜ ከወይዘሮ ማሬ ጋር አየችው። ከዚያ ፊልም አድርጋ ስላይዱ ውስጥ አስገባችው።

ከምርምር ቀኑ በፊት በነበረው ዓርብ ዶክተር እንዳላማውን ኮሪደር ላይ አገኘችው። ክራቫት እየመረጠ ነበር፤ ሁለቱን በሁለት እጁ ይዟቸዋል።

«ዶክተር፣ ዚንኩን አውጥቼ አስልቼዋለሁ። ውጤቱ እርስዎ ካሰቡት የተለየ ነው። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ሰማያዊው። አምስት ደቂቃ…»

«ስላይዱ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት፤ ከዚያ ምስጋና፤ ከምስጋናው በኋላ ሁለት አሉ። የእነዚያ የሁለቱ ጉዳይ ነው።»

ዶክተር እንዳላማው ቀዩን ክራቫት መረጠ። «ከምስጋና በኋላ ያለውን ማንም አያየውም» ብሎ ሄደ።

ማታ ይህን ስትነግራቸው የኔታ እጃቸውን ለቃለ ምዕዳን እንደሚነሣ ሰው ዘረጉ። «ወረደልሽ» አሉ።

የዚያ ዓመት የምርምር ቀን የካቲት መባቻ ቅዳሜ ዋለ። ኅብረተሰቡ ይሳተፍ ስለተባለ የአገር ሽማግሌዎች፣ የባህል መድኃኒት ዐዋቂዎችና ካህናት ተጋብዘዋል። የኔታ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ካባቸውን ደርበው፣ ከጥምጥማቸው የማይለይ ነጭ ፋሻቸውን ይዘው ሲገቡ አስተናጋጆቹ ተሻምተው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ከጎናቸው ከአዲስ አበባ የመጡት የክብር እንግዳ ተቀምጠዋል፤ ፕሮፌሰር ያለምወርቅ ይባላሉ። ኢንዛይም ላይ ሃያ ዓመት የሠሩ፣ ትንሽ ቁመትና ትልቅ መነጽር ያላቸው ሴት ናቸው። ሁለቱ ወዲያው ተግባቡ። ሥራነሽ ከጎን በር አጠገብ ኮምፒውተሩን ይዛ ቆማ ሲንሾካሾኩ አየቻቸው።

ዶክተር እንዳላማው አማረበት። ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ዚንክ የመድኃኒት ወዳጅ ነው ሲባል መኖሩን፣ የእሱ ቡድን ግን ጭምብሉን እንደገለጠበት ተናገረ። «ጠላታችንን ከውስጥ አገኘነው» ሲል ጭብጨባ ሆነ። በመጨረሻም ዚንኩን ነቅሎ የሚያወጣ ነገር ከዳማ ከሴው ጋር ቢሰጥ፣ ዳማ ከሴው ይበልጥ አጥብቆ እንደሚይዝ ገልጾ ምስጋናው ላይ ደረሰ።

ጥያቄ ሲባል ብዙ እጅ አልወጣም። የኔታ ጭራቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ የምጠይቅህ ስለማላውቅ ነው» አሉ። «ድምሩ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ነው አልህ?»

«አዎን፣ የኔታ።»

«ዚንክ የተባለው አሥራ ስምንት ያህል ያደናቅፋል አልህ። እሱ ሲወጣ ስንት ይሆናል?»

ዶክተር እንዳላማው ፈገግ አለ። የዋህ ጥያቄ ነው። «ከዜሮ በታች አርባ ዘጠኝ። ማለት በጣም ይጠብቃል።»

«አስልታችሁ ነው ቀንሳችሁ?»

«ያው ነው፣ የኔታ።»

«ያው ከሆነ መልካም። ግን ያሰላ ካለ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ያለኝ አንድ ዓይን ነው፤ እሱንም ይዤው ከደብረ ኤልያስ ድረስ መጥቻለሁ።»

ሰው ሳቀ። ዶክተር እንዳላማውም አብሮ ሳቀና ወደ በሩ ዞረ። «ሥራነሽ፣ ስሌቱ አለ እንዴ?»

«አለ» አለች። «ከምስጋናው ቀጥሎ።»

«አሳዪያቸው» አለ፤ በሙሉ ልብ።

ፊልሙ ተጀመረ። ዚንኩ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ዚንኩን ከሦስት ወገን ይዘውት የነበሩት የኢንዛይሙ እጆች የሚይዙት አጥተው ይወዛወዛሉ። የዳማ ከሴው ሞለኪውል መጀመሪያ እንደተለመደው ተቀምጧል። ትንሽ ዞር አለ። አንዲት የውሃ ሞለኪውል በዚንኩ ቦታ ገባች፤ ሌላም ተከተላት። ሞለኪውሉ ወደ ጠርዝ ሸሸ፣ በአንድ ጎኑ ተንጠለጠለ፤ ከሥሩ ያለው ከዜሮ በታች ቁጥር ከሠላሳ አንድ ወደ ሃያ፣ ከሃያ ወደ ዘጠኝ እያለ ወደ ዜሮ ቀረበ። ከዚያ ሞለኪውሉ ለቀቀና ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፈ ከስክሪኑ ወጣ።

«ሄደ» አለ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ፤ በሐዘን ነው ያለው፣ ሰዉ ግን በሳቅ ፈረሰ።

ዶክተር እንዳላማው ስክሪኑን ያያል። ከፊቱ የነበረውን ውሃ አነሣ፣ ጠጣ፣ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሥራነሽ ለሁለት ሳምንት ያለመችው ይህችን ቅጽበት ነበር። ጣፋጭ ትሆናለች ያለቻት ቅጽበት ስትደርስ ግን የሰውዬው ጆሮ መቅላቱን አየችና ጣፋጭነቷ ተበላሸባት።

ብዙም አልቆየባትም። ዶክተር እንዳላማው ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይህ ነው» አለ። «አንድ ቁጥር ብቻ ቢታይ እንዴት እንደሚያሳስት ለወጣቶቻችን ለማሳየት ሆን ብዬ ነው በዚህ መንገድ ያቀረብሁት። የኔታን አመሰግናለሁ። ባልደረባዬንም ስላይዱን በሥርዓት ስላስቀመጠችልኝ።»

ጭብጨባው ከመጀመሪያው በለጠ። የኔታም አንገታቸውን በአድናቆት ነቀነቁ፤ ሰው በብልጠት ሲያመልጥ ማየት ይወዳሉ።

ያላጨበጨቡት ፕሮፌሰር ያለምወርቅ ናቸው። «እኔ ለልጅቷ ጥያቄ አለኝ» አሉ። «ዚንኩ ሲወጣ ሁሉም ከፈረሰ፣ ያ አሥራ ስምንት ከዜሮ በላይ ከየት መጣ?»

ይህን ሥራነሽ በእንቅልፏም ታውቀዋለች። ሁለተኛውን ስላይድ ከፍታ ስበቱንና የውሃውን ጣጣ ለየች፤ የጋቢውንም ነገር ተናገረች። ሰው ገባው። ቀና ብላ ቆመች።

«መልካም» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ለዚንኩ ስንት ቻርጅ ሰጠሽው?»

«ሁለት።»

«ሙሉ ሁለት? ዙሪያውን የያዙት ሦስቱ አካላት ከቻርጁ ምንም አልወሰዱለትም?»

ይወስዳሉ። ማንም ኬሚስት ያውቀዋል፤ ከዚንክ ጋር የተያያዘ ነገር ቻርጁን ይጋራዋል። ሥራነሽ ግን ፕሮግራሙ ሁለት ሲላት ሁለት ብላ አልፋለች። ቻርጁ ቢቀንስ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም፣ ሁለት መቶ ሠላሳውም አብረው ይለወጣሉ። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ሲለዋወጡ በመካከላቸው ያለችው ትንሿ ቁጥር ወዴት እንደምትሄድ ማን ያውቃል? ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም የሚለውን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች። እንደዚያ ቀን ግን ገብቷት አያውቅም።

«አልፈተሽሁትም» አለች። «ቢለወጥ ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

ዶክተር እንዳላማው በሐዘኔታ አንገቱን ነቀነቀ።

ምሳ ላይ ሥራነሽ ሳህኗን ይዛ ከአንድ ጥግ ተቀምጣ ሳለ ፕሮፌሰር ያለምወርቅና የኔታ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ።

«አኩርፈሻል» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«አፍሬያለሁ።»

«በአዳራሽ ፊት አላውቅም ያለ ሰው ዛሬ አንቺን ብቻ ነው ያየሁት። ሌላው ሁሉ ያወቀ ነው።»

የኔታ ዶሮውን ጠቅልለው ጎርሰው ሲጨርሱ፣ «እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «ድርሻ ድርሻ ትላላችሁ። እኔና የዚህች አባት ጎረቤት ልጆች ሆነን በሁለት በሬ ነበር የምናርስ። ማታ ተመልሰን የግራው በሬ ይህን ያህል አረሰ፣ የቀኙ ይህን ያህል ብለን አናውቅም። አንደኛው የታመመ ዕለት ግማሽ እርሻ አልታረሰም፤ ምንም አልታረሰም።»

ፕሮፌሰሯ ሹካቸውን አስቀመጡ። «የምንከፋፍለው የሚከፋፈል ሆኖ አይደለም፣ የኔታ። ካልከፋፈልን ቀጥሎ የት እንደምንነካ ስለማናውቅ ነው። ችግሩ፣ ከከፋፈልን በኋላ የከፋፈልነው እኛ መሆናችንን እንረሳለን።»

«ይረሳል» አሉ የኔታ። «እኛም ዘንድ ይረሳል።»

ፕሮፌሰር ያለምወርቅ ለሥራነሽ አድራሻቸውን ጽፈው ሰጧት። እሳቸው ዘንድ የዚንኩን ቻርጅ ከሥሩ የሚያሰላ ትልቅ ኮምፒውተር አለ፤ ሁለት ሳምንት ብትመጣ ይበቃታል።

መጋቢት ላይ ሄደች። አውቶቡሱ ደጀን ቆሞ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ እስከ ታች ድረስ ቁጥሮቿን በደብተር ላይ ስታስተካክል ጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ልጂቱ ፈተና ላይ ናት ብለው ዳቦ ሰጧት። አዲስ አበባ በአሥራ አንደኛው ቀን ውጤቱ ወጣ። ዚንኩ ከሁለቱ ቻርጅ ሲሶ ያህሉን ለጎረቤቶቹ አጋርቷል። በአዲሱ ቻርጅ ስበቱ ከዜሮ በታች መቶ ሠላሳ ስምንት፣ የውሃው ጣጣ መቶ ሠላሳ አራት ሆነ። የዚንኩ ድርሻ የተባለው ቁጥር አራት ከዜሮ በታች ወጣ። ጠላቱ ወዳጅ ሆነ፤ ኢንዛይሙ ግን ያው ኢንዛይም ነው፣ አንዲት አቶም አልነካችበትም። ሥራነሽ ቁጥሩን አይታ መጀመሪያ ደስ አላት፣ ቀጥሎ በደስታዋ ሳቀች። ይህኛውን ቁጥር ያመነችው ምልክቱን ስለወደደችው መሆኑን በራሷ ደረሰችበት።

ጽሑፉን እንደዚያው አድርጋ ጻፈችው። የዚንኩን ድርሻ ከአንድ መስመር ማንበብ አይቻልም፤ ቻርጁ ሲለወጥ ምልክቱም ይገለበጣል፤ ዚንኩ ሲወጣ ግን መያያዙ ይፈርሳል፤ ስለዚህ የሚታመነው ማውጣቱ እንጂ ድርሻው አይደለም። የፕሮፌሰሯ ተማሪዎች ሞለኪውሉን በእውነተኛው ኢንዛይም ላይ ሞከሩት። አደነዘዘው፤ በመጠኑ። ውጤቱ ስሌቱ ከተናገረው ደከም ያለ ነበር። ሥራነሽ ይህንንም ጻፈች። የጸሐፊዎቹ ስም ላይ ዶክተር እንዳላማው ሦስተኛ ሆነ፤ አንደኛ ካልሆንሁ ብሎ አንድ ሳምንት አኮረፈ፣ ከዚያ ሦስተኛነቱን በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፈው።

ሰኔ ላይ ለአዲስ መምህራን በተሰጠ ሥልጠና ይኸው ዶክተር እንዳላማው ስለ ማስተማር ዘዴ ንግግር ሲያደርግ ሥራነሽ ኋላ ተቀምጣ ነበር። የምርምር ቀኑን ታሪክ አነሣ። ታዳሚ እንዴት እንደሚነቃ ለማሳየት ሆን ብሎ ስሕተት እንዳቀረበ፣ የሚጠይቁትንም ሽማግሌ ቀድሞ አዘጋጅቶ ፊት ወንበር ላይ እንዳስቀመጣቸው ተናገረ። አዲሶቹ መምህራን በአድናቆት ጻፉ።

ሥራነሽ እጇን አወጣች። «ሽማግሌው ዓይናቸው ተሻላቸው?»

ዶክተር እንዳላማው ለአንድ አፍታ ብቻ አየት አደረጋት። «ምንም አልነበራቸውም» አለ። «ፋሻውን ያሰርሁላቸው እኔ ነኝ።»

ይህን ስልክ ደውላ ስትነግራቸው የኔታ ደብረ ኤልያስ ሆነው ስልኩን እስኪጥሉ ሳቁ። ሥራነሽም ከዚያ ወዲህ በዶክተር እንዳላማው ላይ መናደድ አልሆነላትም፤ ብትሞክርም ሳቅ ይቀድማታል።

መስከረም ላይ ለሦስተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ገባች። ፕሮፌሰር ያለምወርቅ የመጀመሪያ ቀን አንድ ፋይል ሰጧት፤ ማግኒዥየም ያለበት ሌላ ኢንዛይም ነው፣ ከእሷ በፊት የነበረ ተማሪ ጀምሮ የተወው። ሥራነሽ ከፈተችው። ሠንጠረዡ ረጅም ነበር፤ ማግኒዥየሙ ከሁሉ በላይ ረዳት ተብሎ በትልቅ ቀለም ተሰምሮበታል።

«ምን ታያለሽ?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ምንም አላይም ገና» አለች ሥራነሽ። «ይህን የጀመረው ተማሪ ስልክ ቁጥር አለዎት? ለማግኒዥየሙ ስንት ቻርጅ እንደሰጠው ልጠይቀው።»

ፕሮፌሰሯ ከመሳቢያቸው ማስታወሻ ፈልገው ቁጥሩን አነበቡላት። ሥራነሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጅታ ደወለች፤ በሁለተኛው ጥሪ አነሣው።